ሀኪሞች ወደ ፈንክሽናል ሜዲሲን ለምን እየሄዱ ነው? እኛስ ምኑን እንውሰድ?

በዚህ ሁለት ሶስት አመት ፋርማሲ ውስጥ ደጋግሜ ከምጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፣ "ዶክተሬ የነበረበትን ክሊኒክ ለቆ ፈንክሽናል ሜዲሲን የሚባል የራሱን ከፈተ፣ ኢንሹራንስ አይቀበልም አሉ፣ ልከተለው ወይስ ሌላ ልፈልግ?" ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ስኳር ወይ ደም ግፊት ወይ ታይሮይድ ያለባቸው፣ ዶክተራቸውን የሚወዱ ግን ገንዘቡ የሚከብዳቸው። ፈንክሽናል ሜዲሲን ማለት ባጭሩ የበሽታውን ስር ምክንያት ፈልገን እናክማለን የሚል የህክምና አካሄድ ነው። ካውንተር ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ የማምነውን መጀመሪያ ልናገር። ሀኪሞቹን ከመደበኛው ክሊኒክ ያስወጣቸው ምክንያት እውነተኛ ነው፣ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ግን ሄደው የገቡበት ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቆ ነው የሚገኘው፣ አንዱ ጊዜና ጥሞና፣ ሌላው ደግሞ ቴስትና ሰፕልመንት (ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የቫይታሚንና የእጽዋት ክኒን)። ለመጀመሪያው ጥሩ ማስረጃ አለ፣ ለሁለተኛው በአብዛኛው የለም፣ በሽተኛው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ጥቅል ነው የሚገዛው። ይሄን መለየት ከቻልን ብዙ ገንዘብም ብዙ ጉዳትም ይቀራል።

ሀሳቡ ከየት መጣ? ፈንክሽናል ሜዲሲን የሚለውን ነገር ወደ ህዝብ ያወጣው ጄፍሪ ብላንድ የሚባል አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ሰው ነው (ሀኪም አይደለም)፣ በፈረንጅ 1991 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ኢንስቲትዩት አቋቋመና ሀኪሞችን ማሰልጠን ተጀመረ። ዋናው አባባላቸው "የበሽታውን ስም ብቻ አትዩ፣ ለምን መጣ ብላችሁ ጠይቁ" የሚል ነው፣ ምግቡን እንቅልፉን ጭንቀቱን አንጀቱን ሆርሞኑን አንድ ላይ እዩ ነው። ሰውየውን በሙሉ ማከም የሚለው ሀሳብ ግን ከነሱ በፊት ብዙ ዘመን የቆየ ነው። 1927 ላይ የሀርቫርዱ ፍራንሲስ ፒቦዲ ለህክምና ተማሪዎች ያደረገው ንግግር ታትሞ ወጣ፣ በሽተኛን የመንከባከብ ምስጢሩ ለበሽተኛው ማሰብ ነው አላቸው፣ ራሱ ካንሰር ይዞት ነበር፣ በዛው አመት አረፈ። 1977 ላይ ደግሞ ጆርጅ ኤንግል የሚባል ሀኪም በሽታን በአካል ብቻ መተርጎም አይበቃም፣ የሰውየው ስነልቦናና ማህበራዊ ኑሮም አብሮ ይታይ ብሎ ሳይንስ በተባለው መጽሄት ላይ ጻፈ፣ ዛሬ በየህክምና ትምህርት ቤቱ ይማሩታል። ማለትም ነገሩን መደበኛው ህክምና ያውቀዋል፣ ያጣው የሚተገብርበትን ሰአት ነው።

ሰአት ስል የምሬን ነው። 2022 ላይ የወጣ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ 2500 በሽተኛ የሚከታተል የመጀመሪያ ደረጃ ሀኪም መመሪያው የሚለውን ሁሉ ልስራ ቢል በቀን 26.7 ሰአት ያስፈልገዋል ብሎ አሰላው፣ ቀኑ 24 ሰአት ነው። ከዛ በፊት 2016 ላይ የወጣ ደግሞ ሀኪሞች ከበሽተኛ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት ለያንዳንዱ አንድ ሰአት ወደ ሁለት ሰአት የሚጠጋ ኮምፒዩተርና ወረቀት ላይ ያጠፋሉ አለ። በሽተኛው ደግሞ ገብቶ የመጣበትን መናገር ሲጀምር በአማካይ በ11 ሰከንድ ውስጥ ይቋረጣል፣ ይሄም ተለክቶ 2018 ላይ የታተመ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ በኛ ወግ ሰው ስለ ህመሙ ሲናገር መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ከዛ የቤተሰብ ነገር፣ ከዛ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ዋናው ነገር የሚወጣው፣ በ11 ሰከንድ እኮ ገና "እግዚአብሄር ይመስገን ደህና ነኝ" ላይ ነን። ኮቪድ ሲጨመርበት 2021 ላይ ከአሜሪካ ሀኪሞች 62.8 ፐርሰንቱ ቢያንስ አንድ የበርንአውት (በስራ ብዛት ዝሎ መሰላቸት) ምልክት ነበረባቸው። እንዲህ ሆኖ የሰነበተ ሀኪም አንድ ቀን አንድ ሰው "አንድ በሽተኛ ለአንድ ሰአት ታያለህ፣ ምን እንደሚበላ እንዴት እንደሚተኛ ትጠይቃለህ" ቢለው አይሂድ ልንለው አንችልም፣ ህክምና የተማረው ለዛ ነው።

አንዳንዶቹን ደግሞ የሚወስዳቸው የራሳቸው ህመም ነው። ከነዚህ ውስጥ ታሪኳ ብዙ የሚያስተምረው ቴሪ ዎልስ ናት፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሀኪም። 2000 ላይ መልቲፕል ስክለሮሲስ ተገኘባት፣ ይሄ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቩን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ ምርጥ የሚባለውን ህክምና እያገኘች በሶስት አመት ውስጥ ወደኋላ የሚጋደም ዊልቸር ላይ ዋለች። ከዛ በራሷ ጥናት ማንበብ ጀመረች፣ 2007 መጨረሻ ላይ አመጋገቧን ከስር ቀየረች፣ ብዙ ቅጠላቅጠል፣ ባለቀለም አትክልት፣ ስጋና አሳ፣ እህልና ወተት የለም፣ ከዛ ጋር ጡንቻን በኤሌክትሪክ ማነቃቃትና ስፖርት። በአመት ውስጥ ብስክሌት መንዳት ቻለች። ይሄ እውነት የሆነ ታሪክ ነው፣ ብዙ ሀኪምም በሱ ነው መንገዱን የቀየረው።

የሴትየዋን ነገር የማከብረው ግን ከዛ በኋላ ባደረገችው ነው። እኔ ድኛለሁ ብላ አልቆመችም፣ ጥናት ይሰራ አለች፣ የአሜሪካ ኤምኤስ ማህበርም ገንዘቡን ሰጠ፣ የሷ አመጋገብና ስዋንክ ከሚባለው የቆየ አመጋገብ ጋር (ቅባትን የሚቀንስ ነው፣ ከሷ ጋር በብዙ ነገር ይለያያል) ተወዳደረ። ውጤቱ 2021 ላይ ወጣ፣ ሁለቱም ቡድን ውስጥ ድካማቸው ቀነሰ። ሁለቱም! እንግዲህ ይሄን እንዴት እናንብበው? እኔ የማነበው እንዲህ ነው፣ የተለየው የምግብ ዝርዝር ብቻውን ተአምር የሰራ አይመስልም፣ ሰው የፋብሪካ ምግብ ትቶ እቤቱ የተሰራ ሲበላ፣ ሳምንት ሳምንት የሚከታተለው ባለሙያ ሲኖረው፣ ለራሱ የሚያደርገው ነገር ሲያገኝ ይሻለዋል። ይሄ ትንሽ ግኝት አይደለም፣ ግን ውድ ፓኬጅ አይፈልግም።

2014 ላይ ክሊቭላንድ ክሊኒክ የፈንክሽናል ሜዲሲን ማዕከል ከፈተ፣ በዚሁ ሙያ የታወቀውን ሀኪም ማርክ ሀይማንን ዳይሬክተር አድርጎ። ነገሩን ትልቅ ስም የሰጠው ይሄ ነው፣ ክሊቭላንድ ክሊኒክ በልብ ህክምና አለም የሚያውቀው ሆስፒታል ነውና። በዛው 2014 ደግሞ የአሜሪካ የቤተሰብ ሀኪሞች አካዳሚ በተቃራኒው ለፈንክሽናል ሜዲሲን ኮርሶች የትምህርት ክሬዲት መስጠት አቆመ፣ ማስረጃው አይበቃም ብሎ፣ ከአራት አመት በኋላ በከፊል አላላው። ክሊቭላንዶች 2019 ላይ 7252 ሰው ያለበት ጥናት አወጡ፣ ማዕከሉ ውስጥ የታከሙት 1595 ናቸው፣ የቀሩት በመደበኛ የቤተሰብ ጤና ክሊኒክ፣ ከስድስት ወር በኋላ የፈንክሽናል ሜዲሲኖቹ ስለራሳቸው ጤና የሰጡት ነጥብ የተሻለ ነበር። ጥሩ፣ ግን በእጣ የተመደቡ አይደሉም፣ ፈልገው የሄዱ ናቸው፣ ፈልጎ የሄደ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ለመለወጥ የተዘጋጀ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ 2021 ላይ ያወጡት ሌላው ነው። በሽተኞችን አንድ በአንድ ከማየት ይልቅ በቡድን አስቀምጠው ሳምንት ሳምንት እያገናኙ ስለ ምግብ ስለ እንቅልፍ ስለ ጭንቀት ሲያወያዩአቸው፣ በግል ከታዩት ይልቅ በቡድን የታዩት ውጤታቸው የተሻለ ሆነ፣ ወጪውም ቀነሰ። እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡ፣ ያው የፈንክሽናል ሜዲሲን ማዕከል ነው፣ ለውጥ ያመጣው ግን ሰዎቹ አብረው መቀመጣቸው ይመስለኛል። እድር ያለው፣ ማህበር የሚጠጣ፣ ቡና ተጠራርቶ የሚጠጣ ህዝብ ይሄን ከማንም በላይ ሊጠቀምበት ይችላል፣ የቤተክርስቲያን አዳራሽ አለን፣ መስጊድ አለን፣ የኮሚኒቲ ማዕከል አለን፣ ከኛው ውስጥ የወጡ ነርሶችና ሀኪሞችም ሞልተዋል፣ ስኳር ያለባቸው አስር ሰዎች በሳምንት አንዴ ተገናኝተው እንጀራውን ስንት እንደሚያደርጉት ምን ጋር እንደሚበሉት ቢነጋገሩ ከብዙ ሺ ዶላር ፓኬጅ የተሻለ ይሰራል ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ወደ ሽያጩ ልምጣ፣ እኔ በየቀኑ የማየው እሱን ስለሆነ። ባለፈው አንድ እናት ፌስታል ይዘው መጡና "ልጄ እስቲ እነዚህን እይልኝ፣ ከመድሀኒቴ ጋር ይጣሉ ይሆን?" አሉኝ፣ ካውንተሩ ላይ ዘረገፉት፣ ማግኒዚየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የእርድ ካፕሱል፣ አሽዋጋንዳ፣ አንጀት ያጸዳል የተባለ ዱቄት፣ ለጸጉር ደግሞ ባዮቲን 10,000 ማይክሮግራም፣ ሁሉም ከአንድ የፈንክሽናል ሜዲሲን ክሊኒክ የተገዛ። ሰሞኑን እዛው ደማቸው ታይቶ ታይሮይድሽ ከልክ በላይ እየሰራ ነው ተብለዋል፣ ልባቸው ፈርቷል፣ እንቅልፍ አጥተዋል። እኔ አይኔ ባዮቲኑ ላይ ቀረ። ብዛት ያለው ባዮቲን አንዳንድ የላብራቶሪ ምርመራዎችን ያሳስታል፣ ታይሮይድ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከልክ በላይ የሚሰራ ያስመስለዋል፣ ድንገተኛ የልብ ህመምን (ሀርት አታክ) የሚያሳየውን ትሮፖኒን የሚባል ምርመራም ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ የአሜሪካ የምግብና መድሀኒት ባለስልጣን 2017 ላይ በዚህ ምክንያት ሰው እንደሞተ ጠቅሶ አስጠንቅቋል። መደበኛ ዶክተራቸው ጋር ደወልን፣ ባዮቲኑን ለጥቂት ቀን አቁመው ድጋሚ ደማቸው ታየ፣ ታይሮይዳቸው ደህና ነው። ያን ምርመራ ያዘዘ ሰው "ምን ምን ትወስጃለሽ" ብሎ አለመጠየቁ ነው የሚያናድደኝ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው ስራዬ በሚል ቤት ውስጥ።

ሰፕልመንት አሜሪካ ውስጥ ከመሸጡ በፊት ይሰራል ወይ ብሎ የሚፈትሽ መንግስት የለም፣ ከ1994ቱ ህግ ጀምሮ እንደዚህ ነው። መድሀኒት ብትሉኝ ጥናት ቀርቦ ነው የሚፈቀድ፣ ይሄ ግን በቀጥታ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እርድና አሽዋጋንዳ በካፕሱል ተጠናክረው ሲወሰዱ ጉበት የጎዱባቸው ሰዎች በህክምና መጽሄቶች ላይ ተመዝግበዋል፣ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው እርድ ማለቴ አይደለም፣ እሱን ብሉ። ቫይታሚን ዲንም 25,871 ሰው ላይ በእጣ ተፈትኖ በመላው ህዝብ ላይ ካንሰርንም የልብ በሽታንም አልቀነሰም። እጥረት ያለበት ሰው ይውሰድ፣ እጥረት የሌለበት ግን ምን እያከመ ነው?

ቴስቶቹም እንደዛው። ምግብ አይስማማሽም ተብሎ የሚሰራው የአይጂጂ (ደም ውስጥ ያለ አንድ አይነት አንቲቦዲ) የደም ምርመራ አለ፣ የአለርጂ ሀኪሞች ማህበራት አትጠቀሙበት ብለዋል፣ ምክንያቱም አይጂጂ የሚያሳየው ያን ምግብ በልተሽ እንደምታውቂ ነው፣ እንደሚጎዳሽ አይደለም፣ እናም ሰው ዘወትር የሚበላውን ምግብ ነው "የማይስማማ" ብሎ የሚያወጣው፣ ከዛ እናት እንጀራም ምስርም ወተትም ትታ ትከሳለች። አድሬናል ፋቲግ የሚባለውም (ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ከጭንቀት ብዛት ደክመዋል የሚለው) 2016 ላይ የነበሩት ጥናቶች ሁሉ ተሰብስበው ሲታዩ የሚደግፈው ነገር አልተገኘም። ድካሙ ግን እውነት ነው፣ ሰውየው ደክሞታል፣ ሌሊት ኡበር ነድቶ ቀን ሌላ ስራ የሚገባ ሰው እንዴት አይደክመው፣ የተሳሳተ ስም ሲሰጡት እውነተኛው ምክንያት (የእንቅልፍ ማጣት፣ የደም ማነስ፣ ዲፕሬሽን፣ አንዳንዴም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ) ሳይታይ ያልፋል፣ የኔ ትልቁ ስጋት እሱ ነው።

ለምን ብሎ መጠየቅ በተራ ክሊኒክ፣ በተራ ኢንሹራንስ በሚከፈል ምርመራ እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ፣ ይሄ በቀጥታ የኛ ጉዳይ ነው። ሜትፎርሚን ለአመታት የሚወስድ ስኳር ያለበት ሰው አለ እንበል፣ ጨጓራዬን ብሎ ኦሜፕራዞልም ይወስዳል፣ ጿሚ ነው፣ ረቡዕና አርብ፣ አቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሁሉንም ሲደምሩት ከአመቱ ግማሽ ያህሉን ስጋ ወተት እንቁላል አይነካም። እግሩ መደንዘዝና መጠቅጠቅ ጀመረው። ሀኪሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ስኳር የሚለውን አይቶ "የስኳር ነርቭ ነው" ይለዋል፣ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ህመም ማስታገሻ ያዝለታል፣ አለቀ። ግን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፣ ሜትፎርሚን ደግሞ አንጀት ቢ12ን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፣ ኦሜፕራዞል ከምግቡ የሚያላቅቀውን አሲድ ይቀንሳል፣ ጾሙ መግቢያውን ያጠበዋል፣ ሶስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉበት ውስጥ ለአመታት የተከማቸው ያልቃል። ቢ12 ማነስም እግርን ያደነዝዛል፣ ከቆየ ደግሞ ነርቩ ሳይመለስ ይቀራል። የአሜሪካ ዲያቤቲስ ማህበር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ቢ12ቱ በየጊዜው ይታይ ይላል፣ ርካሽ የደም ምርመራ ነው፣ ክኒኑም ርካሽ ነው። ይሄን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሀኪሙ "ትጾማለህ ወይ?" ብሎ መጠየቁ ነው። ካልጠየቀ ደግሞ እናንተ ንገሩት።

እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ይሄን መንገድ ቀድመው አይተውታል። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ከኢትዮጵያ የገቡት ቤተ እስራኤል ሲመጡ ስኳር ከነሱ ውስጥ እንደሌለ የሚቆጠር ነበር፣ በጥቂት አመታት ውስጥ ግን በወጣቶቹ ሳይቀር በጣም ጨመረ፣ ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳ፣ መኪናና ተቀምጦ መዋል፣ ከዛ ላይ ስደቱና ሀዘኑ። ሀኪሞቹ መድሀኒት ያዛሉ፣ ሰዎቹ አይወስዱትም፣ ቋንቋው አይገናኝም፣ ሀኪሙ ቁጥር ያወራል ሰውየው ልቤ ውስጥ ሀዘን ገብቷል ይላል። ሀዴራ ከተማ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የምትሰራ አናት ያፌ የምትባል የስኳር ሀኪም 1998 ላይ ቴኔ ብሪኡት የሚባል ድርጅት መሰረተች፣ ከማህበረሰቡ ውስጥ የወጡ ሰዎች በአማርኛ እያስተማሩ፣ የሚበላውን የሚጋገረውን እያዩ፣ በሀኪሙና በበሽተኛው መሀል እያገናኙ እንዲሰሩ። አንድ ሀኪም ወደ ሙሉ ሰው ህክምና ሄደ ስንል እኔ የማስበው እንደዚህ አይነቱን ነው፣ የተሸጠ ነገር የለም፣ ሰዎቹ ጋር ተሄደ፣ ተሰማ።

አገር ቤትም ቢሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ 2013 ላይ የፋሚሊ ሜዲሲን ስፔሻሊቲ ጀምሯል፣ ልጁንም እናቱንም አያቱንም በአንድ ላይ የሚያውቅ ሀኪም ማውጣት ነው አላማው። ብዙ ሰው ስፔሻሊስት ሲባል የልብ ወይ የኩላሊት ብቻ ስለሚመስለው ይሄን ሙያ ዝቅ አድርጎ ያየዋል፣ ልክ አይደለም፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ ጥሩ ሀኪም ካገኛችሁ አትልቀቁት።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ። ዶክተራችሁ ጥሩ ሰው ከሆነ፣ ገንዘቡ ካለ፣ አንድ ሰአት ቁጭ ብሎ የሚሰማችሁ ከሆነ መሄድ ክፋት የለውም። ግን ሰፕልመንቱን እዛው ክሊኒኩ ውስጥ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ የሚያዛችሁ ሰውና ከትዛዙ የሚያተርፈው ሰው አንድ ሲሆን ጥሩ አይደለም። እያንዳንዱን ቴስት "ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ህክምናዬ ይቀየራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አይቀየርም ካለ አታሰሩት። የግፊትና የስኳር መድሀኒታችሁን ማንም ቢሆን በአንድ ቀን አቁሙ ቢላችሁ አታቁሙ፣ መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ አለ ግን እየተለካ ነው። የምትወስዱትን ሰፕልመንት ሁሉ ለመደበኛ ዶክተራችሁም ለፋርማሲስታችሁም አሳዩ፣ ጠርሙሱን እራሱን ይዛችሁ ኑ።

ገንዘቡ የሌላችሁ ደግሞ የቀረባችሁ ነገር ያለ አይምሰላችሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጠንካራ ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ 2002 ላይ የወጣው የስኳር መከላከል ጥናት ነው፣ ስኳር ሊይዛቸው የደረሱ 3234 ሰዎች በእጣ ተከፋፍለው፣ ክብደታቸውን 7 ፐርሰንት እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የሚያግዛቸው አሰልጣኝ የተሰጣቸው ሰዎች መድሀኒት የሌለው ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ስኳር የመያዝ እድላቸው በ58 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት ግን በ31 ነው የቀነሰላቸው። እድሜያቸው 60 እና ከዛ በላይ የሆኑት ላይ 71 ደረሰ። ይሄ ፕሮግራም ዛሬ በቡድን ይሰጣል፣ ሜዲኬር ከ2018 ጀምሮ ይከፍልለታል፣ ኤዋንሲያችሁ (የሁለት ሶስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነና ቢኤምአያችሁ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲሰላ) 25 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ከኪሳችሁ ምንም አትከፍሉም። እናትና አባቶቻችን ሜዲኬር ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ፕሮግራም የነገራቸው ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችኋቸው ስትሄዱ ሀኪሙን በስሙ ጠይቁት፣ ሜዲኬር ዲያቤቲስ ፕሪቬንሽን ፕሮግራም ነው የሚባለው።